ስለ ሃይማኖት ጽናትና ስለ አክራሪነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ጉዳይ በዚህ ዘመን በብዙ አገሮች ሸንጎ የሚያከራክር፣ በእኛም አገር ደም ያፈሰሰ ጉዳይ ነው። ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ሰው በሃይማኖት ከሚለየው ጎረቤቱ ጋር በሰላም ሊኖር ይችላልን? ወይስ ሰላም እንዲገኝ የግድ ሃይማኖት መላላት አለበትን?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ እውነት በእጃችን ሳለ ሌላውን መታገሥ ሃይማኖትን መካድ ነው ይላል፤ ሌላውን ካላዋረደና ካላሳደደም ለእግዚአብሔር የቀና አይመስለውም። ይህን ሰው በዘመናችን ቋንቋ አክራሪ እንለዋለን። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የጠብ ሁሉ ሥር ሃይማኖት ነውና ሰው እምነቱን ቀለል አድርጎ ቢይዝ፣ ስለ እርሱም ባይናገር ይሻላል ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሃይማኖት በጠነከረ መጠን የጎረቤት ፍቅር ይቀንሳል ብለው ያስባሉና። እኛ ግን ከቅዱስ ወንጌል ተምረን፣ ከአባቶቻችንም ኑሮ አይተን ይህን እንናገራለን፤ ሌላውን በግድ ሊያሳምን የሚነሣ ሰው ሃይማኖቱ የደከመበት ሰው ነው፤ በሃይማኖቱ የጸና ሰው ግን ጎረቤቱን አይፈራም፣ ስለማይፈራውም አያሳድደውም።

ይህን ነገር በሩቅ አገር ምሳሌ ከማስረዳታችን በፊት በቅርብ ወዳለች አንዲት የገበያ ከተማ እንውረድ።

በሰሜን ወሎ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚያዘነብልበት በኩል ሐራ የምትባል ከተማ አለች። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ወደ እርስዋ እንዲደርስ በመዘርጋቱ ስሟ በዚህ ዘመን በሩቅ ተሰማ እንጂ፣ ሐራ ባቡር ሳይታሰብም ገበያ ነበረች። ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ፍየሉንና ግመሉን ይዞ ይገናኝባታል። በዚያ አገር ሙስሊሙ ይበዛል፤ ክርስቲያኑም ከጥንት ጀምሮ አብሮት ይኖራል። በየጁ ምድር ያለችው ዳና በእስልምና ትምህርት የታወቀች እንደ መሆንዋ ሁሉ፣ ከተራራው ማዶ ያለችው የላስታ ምድር ደግሞ በቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የታወቀች ናት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚኖረው ገበሬ እርሻው ከጎረቤቱ እርሻ ጋር ይዋሰናል፤ ከብቱን ከአንድ ወንዝ ያጠጣል፤ ብዙ ጊዜም በሥጋ ይዛመዳል። ራሱ የክርስትና ስም ይዞ አያቱ በእስላም ስም የሚጠራ፣ ወይም ራሱ ሙስሊም ሆኖ የእናቱ ወገኖች ክርስቲያኖች የሆኑ ሰው በወሎ ቢገኝ ማንም አይደነቅም።

በዚያ አገር ሠርግ በተደገሰ ጊዜ የሚሆነውን ልብ እንበል። ደጋሹ ሙስሊም እንደ ሆነ ለክርስቲያን እንግዶቹ በሬውን ወይም በጉን ለይቶ ይሰጣል፤ ክርስቲያኖቹም ራሳቸው በሥላሴ ስም ባርከው ያርዱታል። ደጋሹ ክርስቲያን እንደ ሆነ ደግሞ ለሙስሊም እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱና ጭልፋው ሳይቀር ለየብቻ ይሆናል። የክርስቲያኑ ጾም ከሆነም ሙስሊሙ ደጋሽ የጾም ወጥ ያሠራለታል። እልልታውና ጭፈራው ግን አንድ ነው፤ ሙሽራውንም የሚመርቁት የሁለቱም ሃይማኖት ሽማግሎች ናቸው።

ከሩቅ የመጣ ሰው ይህን አይቶ፣ «እንዲህ የሚዋደዱ ከሆነ ስለ ምን በአንድ ቢላዋ የታረደውን አይበሉም?» ይል ይሆናል። ሌላውም፣ «ሥጋውን ከለዩ ስለ ምን አብረው ይቀመጣሉ?» ይላል። ሁለቱም አላስተዋሉም። በዚያ ድግስ ላይ ሃይማኖቱን የካደ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም ሥርዓቱን ጠብቋል። የሚደንቀው ግን ይህ ነው፤ ደጋሹ ራሱ የማይበላውን ምግብ በገዛ ገንዘቡ ያቀርባል፤ እንግዳው ሃይማኖቱን ሳያጎድል ይደሰት ዘንድ ለእንግዳው ሕግ ያስባል። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት መቻቻል እያሉ የሚጽፉለት ነገር የወሎ ባላገር ፊደል ሳይቆጥር በድስቱና በምጣዱ ሲያስተምረው የኖረ ነገር ነው።

ሞት በመጣ ጊዜም እንዲሁ ነው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ የቅሬ ሰው አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይሸኛል፤ ፍትሐቱም እስኪፈጸም በውጭ ይቆያል። ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ እንዲሁ አብሮ ወጥቶ ሲሰገድበት ፈንጠር ብሎ ይቆማል። ደም በፈሰሰ ጊዜም አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሎች ባለ ደሙን ከገዳዩ ወገን ጋር የሚያስታርቁት የሁለቱንም ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጠው ነው።

ምእመናን ሆይ! ይህን የተናገርነው ወሎን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ወሎ የፍቅር አገር ነው እያሉ መዝፈን ቀላል ነው፤ ያ ፍቅር በምን ዋጋ እንደ ተገኘ ማወቅ ግን ይከብዳል። ይህ ምድር የግድ ሃይማኖትን መከራ በሁለቱም ወገን ቀምሶታል። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ዘመቻ ጊዜ በዚያን ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል በነበረው አገር አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ንዋያተ ቅድሳት ተዘረፉ፣ ብዙ ክርስቲያንም ከሰይፍና ከሃይማኖቱ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ። ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ደግሞ ተራው ተገለበጠ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱን ሰብስበው የቤተ ክርስቲያንን የትምህርት ክርክር ካስወሰኑ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች በተወሰነ ዘመን ውስጥ እንዲጠመቁ ዐዋጅ ወጣ። ከመኳንንቱ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከሕዝቡ ግን ብዙው ተሰደደ፤ እነ ሼህ ጠልሃ ሸፈቱ፤ ዐመፁን ለማብረድ በተላከው ጦርም ብዙ ደም ፈሰሰ። በቀየው የቀረውም ቢሆን በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ነው ተባለለት።

ዐፄ ዮሐንስ ለአገራቸውና ለሃይማኖታቸው ሲዋጉ በ1881 ዓ.ም. በመተማ የወደቁ ታላቅ ንጉሥ ናቸው፤ መታሰቢያቸውን እናከብራለን። የአንድን ሰው ክብር መጠበቅ ግን ከሥራው ፍሬ እንዳንማር አያግደንም። የዚያ ዐዋጅ ፍሬ ምን ነበር? ንጉሡ ካረፉ በኋላ ግዳጁ ሲነሣ በፍርሃት የተጠመቀው ሕዝብ አብዛኛው በይፋ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ያን ሁሉ ዓመት በጦር የተሠራው ሥራ እንደ ጤዛ ረገፈ። ስለ ምን ቢባል፣ የመንግሥት ጉልበት ሰውን ወደ ውኃ ሊያስገባው ይችላል፤ ወደ እምነት ግን ሊያስገባው አይችልም። ቤተ ክርስቲያናችን ንዑሰ ክርስቲያን የሆነውን ዐዋቂ ከማጥመቅዋ በፊት አስተምራ፣ ሰይጣንን አስክዳ፣ ሃይማኖቱን በአፉ አስመስክራ ነው የምታጠምቀው። እሺ ወይም እንቢ ለማለት ያልተፈቀደለት ሰው ምን ይመሰክራል? በሰይፍ የሚያጠምቅ ሰው ለጥምቀት የቆመ ይመስለዋል እንጂ የጥምቀትን ክብር ያፈረሰ እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊትም ሌላ ታሪክ አለን። በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የእስልምና ተከታዮች በመካ ሲሳደዱ ከእነርሱ ብዙዎቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ተቀበላቸው፤ አሳልፎ እንዲሰጣቸው ለጠየቁትም አልሰጠም። ያ ንጉሥ እንግዶቹን ለማስጠጋት ከሃይማኖቱ ምንም አልቀነሰም፤ ሊያስጠጋቸውም ሲል ጥምቀትን ዋጋ አድርጎ አልጠየቃቸውም። እንግዲህ ከአባቶቻችን ሥራ ሁለቱንም መንገድ አይተናል፤ የትኛው ፍሬ እንዳፈራም ታሪክ ፈርዷል።

አሁን ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ አንዲት የሳምራውያን መንደር አላሳድርም ባለችው ጊዜ፣ የነጎድጓድ ልጆች የተባሉት ያዕቆብና ዮሐንስ ከሰማይ እሳት ወርዶ ያቃጥላቸው ዘንድ ፈቃድ ጠየቁ። ይህን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 9 እናገኘዋለን። እነዚህ ሁለቱ የጠየቁት ለመምህራቸው ቀንተው ነበር፤ ነቢዩ ኤልያስንም ምሳሌ ያደረጉ መስሏቸው ነበር። ጌታ ግን ዘወር ብሎ የገሠጸው እምቢ ያለችውን መንደር ሳይሆን የገዛ ደቀ መዛሙርቱን ነው። ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። ምእመናን ሆይ! ይህን አጭር ነገር በልባችን እናኑረው። ጌታ የተከለከለውን ማደሪያ በእሳት አልወሰደም፤ መንገዱን ቀጠለ እንጂ። ከጥቂት ዘመን በኋላም ያው ዮሐንስ ከጴጥሮስ ጋር ወደ ሰማርያ ወርዶ በዚያ ላመኑት ስለ መንፈስ ቅዱስ ጸለየ። ያን ቀን እሳቱ ወርዶ ቢሆን ኖሮ በኋላ የሚያምን ከወዴት ይገኝ ነበር?

ቅዱስ ጴጥሮስም በጌቴሴማኒ ሰይፉን መዝዞ ማልኮስ የተባለውን የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ጆሮ ቆረጠ። ጌታ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ ሊይዘው የመጣውንም ሰው ጆሮ ፈወሰ። ያ ሰይፍ የመዘዘ ጴጥሮስ በዚያችው ሌሊት በአንዲት ገረድ ፊት ጌታውን ካደ። ለመቊረጥ የተዘጋጀች እጅ ለመመስከር የተዘጋጀች ልብ ማለት እንዳልሆነች ከዚህ እንረዳለን። ሰይፉን ከጣለ በኋላ ግን ያው ጴጥሮስ በሮም ስለ ክርስቶስ ሞተ። ሳውልም ቢሆን እስጢፋኖስ ሲወገር ልብስ የጠበቀ፣ እስከ ደማስቆም ክርስቲያኖችን ለማሰር የሄደ ሰው ነበር፤ ለአባቶቹ ሥርዓት የነበረው ቅንዓትም ከባልንጀሮቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ቅንዓቱን ጌታ አላጠፋበትም፤ አቅጣጫውን መለሰለት። አሳዳጁ ሳውል ስደተኛው ጳውሎስ ሆነ።

እንግዲህ ጽናትና አክራሪነት በምን ይለያሉ? ሁለቱም ስለ ሃይማኖቴ እሞታለሁ ይላሉና ከላይ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። መለያው ደሙ የማን ነው የሚለው ነው። ሰማዕት የገዛ ደሙን ይሰጣል፤ አክራሪ የሌላውን ደም ያፈሳል። ጽኑ ሰው የራሱን ኃጢአት ይቈጥራል፤ አክራሪ የጎረቤቱን። ጽኑ ሰው ሃይማኖቱን ጠንቅቆ ይማራል፤ አክራሪ ግን የራሱን ጸሎት ሳያውቅ የሌላውን ስሕተት በቃሉ ይዞ ይገኛል። ጽኑ ሰው በደለኛውን በስሙ ጠርቶ ይከሰዋል፤ አክራሪ አንዱ ባጠፋው ሺሁን ይቀጣል።

ይህን ልዩነት በ2007 ዓ.ም. በዐይናችን አየነው። በሚያዝያ 11 ቀን፣ ኑሮ ፍለጋ በበረሃ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ልጆቻችን በሊቢያ አይሲስ በተባለው ቡድን እጅ ሲታረዱና በጥይት ሲገደሉ የሚያሳየው ሥዕል በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። በዚያ ባሕር ዳር ሁለት ዓይነት ቅንዓት ጎን ለጎን ቆሞ ነበር፤ አንዱ ካራ ይዞ፣ ሌላው ተንበርክኮ። ሰማዕታቱ እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ መምህር አላስፈለገንም። በዚያ ሐዘን የኢትዮጵያ ሙስሊሞችም ከእኛ ጋር አለቀሱ፤ ያንንም ግፍ በአደባባይ አወገዙ። ይህን መርሳት ውለታ ቢስነት ነው።

ነገር ግን በሊቢያ የተደረገውን ስናወግዝ በደጃችን የተደረገውን ብንሸፍን ግብዞች እንሆናለን። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በጅማ አካባቢ ክርስቲያኖች ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ የቤተ ክርስቲያን እሳት ወሬ ከተሰማ በኋላ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። በሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር የአንድ ሼህ ቀብር በሚፈጸምበት ጊዜ በተነሣው ግፍ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ሙስሊሞች ነበሩ። በዚያው ሰሞን በስልጤ በወራቤ ደግሞ በአጸፋው አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። የጎንደሩን ግፍ በወራቤ ያለው ክርስቲያን አላደረገውም፤ ቤተ መቅደሱ ግን የእርሱ ነደደ። በሞጣም ሱቁ የተዘረፈው ነጋዴ ቤተ ክርስቲያንን አላቃጠለም። እንዲህ ያለው በቀል ሁልጊዜ የሚያገኘው ያልበደለውን ሰው ነው። በክርስቲያን ስም በተደረገው ግፍ ማዘንና ማፈር የእኛ ፈንታ ነው፤ ማተብ በአንገቱ አስሮ የጎረቤቱን የጸሎት ቤት የሚያቃጥል ሰው ማተቡን ራሱ አቃጥሎታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። «አብያተ ክርስቲያናታችን ሲቃጠሉ፣ ካህናቶቻችንና ምእመናኖቻችን ሲገደሉ ዝም እንበልን? ትዕግሥታችን ድካም ሆኖ ተቆጥሮብናል» የሚሉ ምእመናን አሉ። ይህ ጥያቄ ከእውነተኛ ሐዘን የወጣ ስለ ሆነ አቃልለን አናልፈውም። መልሳችንም ዝም በሉ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ያለ ፍርድ ሊገርፉት በያዙት ጊዜ ሮማዊነቱን ጠቅሶ በሕግ ተከራክሯል፤ ወደ ቄሣርም ይግባኝ ብሏል። እኛም የተበደልነውን በቀን፣ በቦታና በምስክር ለይተን እንጻፍ፤ በዳዩን በስሙ ለይተን በፍርድ ቤት እንክሰስ፤ መንግሥት ጥበቃውን እንዲፈጽም ሳንሰለች እንጠይቅ። ፍርድ የሚፈልግ ሰው ያጠፋውን ሰው ይፈልጋል፤ በቀል የሚፈልግ ሰው ግን በቅርብ ያገኘውን ይመታል። ከዚህ የተለየውን መንገድ የሚያሳየን ሰው ቤተ ክርስቲያናችንን አያድንልንም፤ ተጨማሪ ቤት ያቃጥልብናል እንጂ።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭው ዓለምም እንመልከት። የምዕራብ አገሮች ሕዝባቸው ከብዙ ነገድና ከብዙ ሃይማኖት የተሰበሰበ፣ መንግሥታቸውም በሕዝብ ምርጫ የቆመ ነው። እነርሱም ዛሬ በዚሁ ጥያቄ ይጨነቃሉ። በመጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በኒውዚላንድ በክራይስትቸርች አንድ ሰው በሁለት መስጊዶች ገብቶ 51 ሰዎችን ገደለ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በስሪላንካ በትንሣኤ በዓላቸው ዕለት በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች በፈነዳ ቦምብ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። ሊቃውንቶቻቸውም በመድኃኒቱ አይስማሙም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ቃል ወዲያው ወደ ዐመፅ ሥራ የሚያነሣሣ ካልሆነ በቀር የከፋ ቢሆንም መንግሥት አይከለክለውም፤ በጀርመን ግን ሕዝብን በሕዝብ ላይ የሚያነሣሣ ቃል በራሱ ያስቀጣል። በፈረንሳይ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ተማሪዎች በመንግሥት ትምህርት ቤት በጉልህ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት እንዳያደርጉ ተከልክሏል። በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት እንዲይዝና በግድ እንዳይለወጥ ደንግጓል፤ ስለ ጥላቻ ንግግርም ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል።

ሕግ መልካም ነው፤ እጅን ያስራል። ልብን ግን አይፈውስም። ሃይማኖትንም ከአደባባይ ማስወጣት መድኃኒት እንዳልሆነ የገዛ ታሪካችን ይነግረናል፤ ሃይማኖትን የናቀው የደርግ መንግሥት ፓትርያርካችንን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ገደለ። አክራሪነት ያለ ሃይማኖትም ይኖራል፤ ሰው እኔ ብቻ ልኑር ባለበት ስፍራ ሁሉ ይበቅላልና።

በባዕድ አገር የምትኖሩ ልጆቻችንም በዚህ ነገር ድርሻ አላችሁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጥቂትና እንግዳ ናት። በብዙ ስፍራ የመጀመሪያው ቅዳሴ የተቀደሰው የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ባዋሱት ወይም ባከራዩት አዳራሽ ነው። እነዚያ ሰዎች ትምህርታችንን ባይቀበሉም በራቸውን ከፈቱልን፤ ከበሮአችንንና ጽናጽላችንን ታገሡ። እናንተም በዚያ ሆናችሁ ከሃይማኖታችሁ ምንም አልቀነሳችሁም። ታዲያ በሰው አገር በጥቂትነታችን የምንወደውን ነጻነት፣ በአገራችን በብዛታችን ለሌላው ልንነፍገው እንዴት ይገባናል? ይልቁንም ከውቅያኖስ ማዶ በሰላም ተቀምጦ፣ በስልክና በድረ ገጽ የቁጣ ቃል የሚዘራ ሰው ይጠንቀቅ። እርሱ የዘራውን የሚያጭደው የጎንደር፣ የወራቤ ወይም የሐራ ድኻ ነው።

በአገራችን «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚል የታወቀ አባባል አለ። መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በትክክል እንረዳው። ሃይማኖት የግል ነው ማለት በጓዳ የሚደበቅ ነው ማለት ከሆነ ታቦት የምናወጣ፣ ደመራ የምንደምር፣ በአደባባይ የምናሸበሽብ እኛ አንቀበለውም። ሙስሊሙም በዒድ ሜዳ ሞልቶ የሚሰግድ ነውና አይቀበለውም። ሃይማኖት የግል ነው ማለት ማንም ስለ ሌላው ሆኖ ሊያምንለት፣ ማንም ሌላውን በግድ ሊያሳምነው አይችልም ማለት ከሆነ ግን እውነት ነው። የጋራ የሆነችው አገርም በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደ ሆነች ታይታለች። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. እሳቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለይቶ አልነደደም። በሐብሩም በጃራ በተተከለው መጠለያ ከየስፍራው የተፈናቀሉ ወገኖች ተጠልለው ነበር፤ ረኃባቸው የሃይማኖት ልዩነት አልነበረውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እናንተ ካህናትና ሰባክያን፣ ምእመናንን የራሳቸውን ሃይማኖት ጠንቅቃችሁ አስተምሩ። ምሥጢረ ሥላሴን የተማረ ወጣት የሌላውን በመስደብ መጽናናትን አይፈልግም፤ ባዶውን የተተወው ግን ስድብን ስብከት አድርጎ ይይዘዋል። በዐውደ ምሕረት ላይ የወጣ የንቀት ቃል በገበያ ድንጋይ ሆኖ እንደሚወረወር አስቡ። እናንተ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ከጎረቤት ሠርግና ለቅሶ አትለዩአቸው፤ አብረው ሄደው የሃይማኖታቸውን ሥርዓት እየጠበቁ እንዴት እንደሚቀመጡ አሳዩአቸው። እናንተ ወጣቶች፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ በስልካችሁ በደረሰ ጊዜ ከማስተላለፋችሁ በፊት መርምሩ፤ የት፣ መቼ፣ ማን አየ ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ሽማግሎች፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ ብቻ አትነሡ፤ ከእስልምናው ወገን ሽማግሎች ጋር ሰላም ሳለ ተገናኙ፣ የእሳት ወሬ በመጣ ቀን ወዲያው የምትጠራሩበትን መንገድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ነጋዴዎችና ገበሬዎችም፣ እገሌ ከእነዚያ ወገን ነውና ከእርሱ አትግዙ ለሚላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ፤ ገበያ የተለየባት አገር ብዙ ሳትቆይ መቃብርም ይለያትና ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው ያጣል።

ጌታችን ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር ድረስ አብረው ይደጉ ብሎ በምሳሌ ያስተማረን እርሻው የእርሱ፣ ማጭዱም የእርሱ ስለ ሆነ ነው። እኛ የተሰጠን ሥራ የራሳችንን ማሳ ማረም ነው። በጾማችን እንጽና፣ በጸሎታችን እንጽና፣ በቅዱስ ቍርባን እንጽና፤ ለጎረቤታችንም እርሱ ሕጉን ጠብቆ የሚበላውን ማዕድ ለይተን እናቅርብለት። ይህን የምናደርገው ከእምነታችን ቀንሰን አይደለም፤ እምነታችን ያዘዘን ይህን ስለ ሆነ ነው።

የሰላም አለቃ ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የቆሰሉትን ይፈውስልን፤ የሞቱትን በመንግሥቱ ያስብልን፤ ያዘኑትን ያጽናናልን፤ ሰይፍ የያዘችውን እጅ ሁሉ እንደ ጴጥሮስ እጅ ወደ ሰገባዋ ይመልስልን። አገራችን ኢትዮጵያን፣ ሕዝቧንም ሁሉ፣ በደጋ በቆላ ያሉትን፣ በስደት ያሉትንም በቸርነቱ ይጠብቅልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሰማዕታት ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።